የኩል ብልቃጥ ውስጥ ያለው አመድ

የልጄን መርዶ ስሰማ በእጄ የያዝኩት የአንዲት አሮጊት ሰው ሠራሽ ጥርስ ነበር። ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ ነው። የምሠራው ሲክየም ውስጥ፣ ማለትም በአረጋውያን መጦሪያ ነው። ምሳ በልተው የተኙትን ሴትዮ ጥርስ በብርጭቆ አድርጌ ላጥብ ስሄድ የሊፍቱ በር ተከፈተና ሦስት ሴቶች ወጡ። ሦስቱም የቤተ ክርስቲያናችን እህቶች ናቸው። ሦስቱም ጥቁር ነጠላ ለብሰዋል።

ይህን ለእኛ ሰው ማስረዳት አያስፈልግም። ጥቁር የለበሱ ሴቶች ሳይደውሉ፣ ተጠራርተው፣ ሥራ ቦታ ድረስ ከመጡ የሚቀረው ጥያቄ ማን ነው የሚለው ብቻ ነው። አገር ቤት ያለችው እናቴ በዚያ ሰሞን ታማ ስለነበር፣ "እናቴ ናት?" አልኩ።

ከፊት የነበረችው እህት አስቴር ናት፤ ኦስሎ ከገባሁ ጀምሮ እንደ ታላቅ እህት የያዘችኝ፣ የጸሎት ቡድናችን መሪ። እናትሽ ደህና ናት አለችኝና እንድቀመጥ ለመነችኝ። ቆሜ ልስማው አልኳት። ያን ጊዜ ከኋላ ያለችው እህት ቀስ ብላ ወደ ጀርባዬ ዞረች፤ ስወድቅ ልትይዘኝ ነው። እሷ ስትዞር ልቤ ነገሩን ቀድሞ አወቀው።

"ሠናይትዬ፣ ናታንን ጌታ ወሰደው" አለች አስቴር።

ብርጭቆው ወለሉ ላይ ተፈረከሰ።

ያን ጊዜ ማን እንደነበርኩ ትንሽ ልንገራችሁ። ጥንቁቅ ሴት ነኝ። ምድጃ አጥፍቼ ተመልሼ የማይ፣ በር ቆልፌ መልሼ የምገፋ። ባለቤቴ፣ ናታን ገና ዳዴ ሲል፣ በበሽታ አረፈ፤ ከዚያ በኋላ ይህ አንድ ልጅ እንዳይሰበርብኝ እንደ ሸክላ ይዤ ሊንደበርግ በሚባለው ሰፈር ባለው አፓርታማችን አሳደግኩት። ከማይረባ ጓደኛ፣ ከሲጋራ፣ ከሌሊት መንገድ ጠብቄዋለሁ። የፓኪስታን ጎረቤቶቻችን ልጆች ክሪኬት የሚባል ጨዋታ ሲያስተምሩትም ደስ ብሎኝ ነበር። ነጭ ይለብሳሉ፣ ሲጨርሱ ይጨባበጣሉ። ከእግር ኳስ ይሻላል ብዬ አሰብኩ። ናታን አድጎ የሊንደበርግ ቡድን አምበል ሆነ። የሌላው ሰፈር፣ የሆልምሊያ ቡድን አምበል ዑስማን ደግሞ ጓደኛው ነው፤ ቤቴ ሲመጣ ሥጋ ስለማይበላልኝ ሽሮ እሠራለት ነበር። ድስቱን በእንጀራ ጠርጎ ያወጣዋል።

ወደ ኮሪደሩ ልመለስ። ቤተ ክርስቲያናችን ፊት መንጨትን አይፈቅድም። በየለቅሶ ቤቱ የሌሎችን እጅ እየያዝኩ "እህቴ፣ ተስፋ አለን እኮ" የምለው እኔ ነበርኩ። ያን ቀን ግን የገዛ ጥፍሬ ጉንጬን ከዓይኔ ሥር እስከ አገጬ ሲተለትለው አልታወቀኝም። ወድቄ የብርጭቆው ስብርባሪ ላይ ተንከባለልኩ። አሮጊቷ ከክፍላቸው ወጥተው ያለ ጥርሳቸው "ምን ሆነች? ምን ሆነች?" ይላሉ፤ ሴቶቹ እጅና እግሬን ይዘው ያለቅሳሉ። ሬሳው የት ነው እላለሁ። አስቴር ግንባሬን ትስመኛለች። ስልኬን ሰዎች ደውለው እንዳያስደነግጡኝ ብላ ከኪሴ አውጥታ ቦርሳዋ ውስጥ ከታዋለች፤ እንደ ወጉ።

እናም ስልኬ ቦርሳዋ ውስጥ ጮኸ።

አስቴር ልታጠፋው አወጣችው።  የስልኩን ፊት አየሁት። "ናታንዬ" ይላል፣ ከነፎቶው።

አንደኛዋ እህት "በኢየሱስ ስም" ብላ ግድግዳ ተደገፈች። ስልኩን ከአስቴር እጅ መንጭቄ ጆሮዬ ላይ ለጠፍኩት።

"እማ፣ ተሸነፍን። ባቡር እየጠበቅኩ ነው። የሚበላ አለ?"

አፌ ተከፈተ፤ የወጣው ግን ቃል አልነበረም። ልጄ ያን ድምፅ ሰማ፤ ከኋላዬ የሴቶቹንም ለቅሶ ሰማ። ማን ሞተ እያለ ይጮሃል። አስቴር ስልኩን ወሰደችና የሆነውን ነገረችው፦ የሴት ልጇ ስልክ ላይ በጥቁር ክፈፍ ውስጥ ፎቶውን እንዳየች፣ ከሥሩ መስቀል፣ ከመስቀሉ ሥር "ዛሬ በሆልምሊያ ሜዳ አርፏል፤ አስከሬኑ ይቃጠላል፤ አመዱ ሆልምሊያ ይቀመጣል" የሚል ጽሑፍ እንዳለ። እሷም የሲክየም ሠራተኛ ናት፤ እንዲህ ያለ ማስታወቂያ ሥራ ቦታዋ ግድግዳ ላይ ሲለጠፍ ዓመታት አይታለች። ፎቶውንና መስቀሉን ስታይ ዓይኗ እንባ ሞላ፤ ከላይ የተጻፈውን አላነበበችም። ከላይ፣ በሟቹ ስም ቦታ፣ የሚለው "የሊንደበርግ ክሪኬት" ነበር። መርዶ በስልክ አይነገርም፤ ስለዚህ ለማንም አልደወለችም። ሴቶቹን ሰበሰበች፣ ጥቁሯን ለበሰች፣ መጣች። በፍቅር ያደረገችው ነው፤ እኔም ብሆን እንደዚያው አደርግ ነበር።

ናታን እስከ መጨረሻው ሰማት። "እማ በእኔ ነው እንዲህ የምታለቅሰው?" አለ። አስቴር ፊቷን ነጭታዋለች አለችው።

"ያ" አለ ልጄ፣ በኖርዌጂያን። አዎ ማለት ነው። ከዚያ ዘጋው።

ያንን "ያ" ከአስቴር ጆሮ ላይ ሆኖም ሰማሁት። ልጄ በሕይወት አለ፤ በዚያው ቅጽበት ግን ሌላ ነገር ፈራሁ። አባቱም ሲቆጣ ድምፁ እንደዚያ ዝቅ ይል ነበር። "አስቴር፣ መኪናሽን አምጪ፤ ወደ ሜዳው ሊመለስ ነው" አልኳት።

በመንገድ ላይ የአስቴር ልጅ ደውላ እየጮኸች ነገሩን አስረዳች። ቀልዱ የዑስማን ነው፤ ግን ዑስማን አልፈጠረውም። ክሪኬት የሚጫወት ሁሉ የሚያውቀው ታሪክ አለ አለች። በድሮ ዘመን እንግሊዝ በገዛ ሜዳዋ በአውስትራሊያ ተሸነፈች፤ አንድ ጋዜጣም የእንግሊዝ ክሪኬት ሞቷል፣ አስከሬኑ ተቃጥሎ አመዱ ወደ አውስትራሊያ ይወሰዳል ብሎ የቀልድ የሞት ማስታወቂያ አወጣ። በኋላ የእንግሊዙ አምበል አመዱን ላስመልስ ብሎ ወደዚያ ሲጓዝ፣ እዚያ ያሉ ወይዛዝርት ትንሽ እንጨት አቃጥለው አመዱን መዳፍ በምታክል ብልቃጥ ሰጡት። ሁለቱ አገሮች እስከ ዛሬ የሚፋለሙት ለዚያች ብልቃጥ ስም ነው። ዑስማንም ለመጀመሪያ ጊዜ ሊንደበርግን ስላሸነፈ ያንኑ ደገመ። ልጅቷ ስትነግረን እየሳቀች ጀምራ እያለቀሰች ጨረሰች።

ሜዳው ጋ ስንደርስ ፀሐይ ገና ከፍ ብላለች። የሆልምሊያ ልጆች በሣሩ ዳር አንዴ ተጠቅመው የሚጥሉትን የከሰል መጥበሻ፣ ግሪል የሚሉትን፣ አቀጣጥለው ከበዋል። ከመቺው ኋላ በሚተከሉት ቋሚ እንጨቶች ላይ የሚጋደሙትን ትንንሾቹን እንጨቶች ግሪሉ ላይ ጥለው እያቃጠሉ በስልክ ይቀርጻሉ። ከናታን ቡድን የቀሩ ጥቂት ልጆችም አብረው እየሳቁ ነበር። ልጄ ከባቡር ጣቢያው በኩል ይመጣል። አይሮጥም። መምቻው፣ ባት የሚሉት ያ ጠፍጣፋ ከባድ እንጨት፣ በቀኝ እጁ ነው። ከመኪናው ወርጄ ስሙን ጠራሁ፤ ድምፄ በለቅሶው ተዘግቶ ነበርና አልወጣም።

ናታን ግሪሉን በእግሩ መታው። ፍሙ በሣሩ ላይ ተበተነ። ዑስማን ተነስቶ ሁለት እጁን ዘርግቶ ሳቀ።

"ወንድሜ፣ እኔ እኮ ቀብርህን ነው ያሳመርኩልህ" አለው።

የመጀመሪያው ምት የተዘረጋው ክንዱ ላይ አረፈ። አጥንት ሲሰበር ድምፁ እንዴት ያለ እንደሆነ እዚያ አወቅኩ፤ ሩቅ ቆሜ ሰማሁት። ዑስማን ገና ፈገግታው አልጠፋም፤ ያልገባው ይመስል ክንዱን አየው። ሁለተኛው ጆሮው ላይ አረፈ። ረጅሙ ዑስማን እንደ ቆመ ጉልበቱ ታጠፈና በፊቱ ወደቀ፤ ሣሩ ላይ የነበረው ፍም ከጉንጩ ሥር ቀረ። ከጆሮው ደም መጣ። ናታን ባቱን በሁለት እጁ ከራሱ በላይ አነሣ። ፊቱን አየሁት፤ ያ ፊት የልጄ አልነበረም። ወደ ታች የሚያየው ወደ ዑስማን ማጅራት ነበር።

ባቱ ግን አልወረደም። ከኋላው አንድ እጅ ያዘው። ያን እጅ እስክሞት አልረሳውም፤ ሁለቱ ጣቶቹ አንድ ላይ በነጭ ፕላስተር የተጠቀለሉ፣ ባቱን ከጫፉ ጨምድዶ የያዘ እጅ። የማን እንደሆነ ሳላይ ሰዎች ተደራረቡ።

ከዚያ በኋላ የሆነው ውጊያ ነው። የሆልምሊያ ልጆች ቋሚ እንጨቶቹን ከመሬት ነቅለው በሾለ ጫፋቸው ናታን ላይ ወረዱበት። የናታን ጓደኞች በባትና በጫማ ገቡ። አንዱ ጥርሱን ይተፋል፤ ሌላው ዓይኑን ይዞ ይጮሃል። እኔ መሃል ገብቼ ዑስማን ላይ ተኛሁበት፤ እንዳይረግጡት ነው። ጀርባዬን ማን እንደመታኝ አላውቅም። ከሥሬ የልጁ ትንፋሽ እንደ ውኃ ይንቆረቆራል። "ጌታ ሆይ፣ ልጄን ሰጥተኸኝ በዚህ ልጅ እንዳትለውጠው" እያልኩ ነበር። ሳይረን እስኪሰማ እንደዚያው ቆየሁ።

ናታንን በካቴና ወሰዱት። ትከሻው በእንጨቱ ተወግቶ ልብሱ ቀይ ሆኗል። ሲያልፍ አየኝ፤ የተነጨውን ፊቴን አይቶ ዓይኑን መሬት ላይ ጣለ። ዑስማንን ወደ ሆስፒታል፣ ከዚያ ወደ ቀዶ ጥገና ወሰዱት። ከቀዶ ጥገናው በኋላ አልነቃም። ዶክተሮቹ መንቃቱን አናውቅም አሉ። ከዚያች ሰዓት ጀምሮ ለእኔ ዓለም አንድ ነገር ብቻ ነበር፤ ይህ ልጅ ይነቃል ወይስ ልጄ ነፍሰ ገዳይ ይሆናል።

እሑድ ቤተ ክርስቲያን አልሄድኩም። ወደ ሜዳው ሄጄ ከዳር ከተደረደሩት ድንጋዮች አንዱን፣ ሁለት እጅ የሚፈልገውን አነሣሁ። አስቴር "እህቴ፣ ይህ የአገር ቤት ልማድ ነው፤ ወንጌል አይደለም" አለችኝ። እኔም ስለዚህ ሌሊቱን ጸልዬ ነበር። ግን ደም ያፈሰሰ ሰው፣ ካልቻለም ወላጁ፣ ድንጋይ በማጅራቱ ተሸክሞ የደሙ ባለቤት ደጃፍ ሳይሄድ ምን አፍ ይዞ ይቅርታ ይላል? እሷም ነጠላዋን አጣጥፋ ከድንጋዩ ሥር ማጅራቴ ላይ አነጠፈችልኝ።

የዑስማን ቤተሰቦች የሚኖሩት ሆልምሊያ፣ ከተያያዙት ቤቶች በአንዱ ነው። ደወሉን አስቴር ደወለች፤ የእኔ እጅ ድንጋዩ ላይ ነው። በሩን የከፈተው የዑስማን ታላቅ ወንድም ነበር። ያየውን አስቡት። ወንድሙን በዱላ የፈለጠው ልጅ እናት፣ ፊቷ በጥፍር የተተለተለ፣ ትልቅ ድንጋይ በትከሻዋ ይዛ በሩ ላይ ቆማለች። "ልትጨርሱን መጣችሁ?" ብሎ በሁለት እጁ ደረቴን ገፋኝ። ደረጃውን በጀርባዬ ወረድኩት። ድንጋዩ ከማጅራቴ ተንሸራቶ እግሬ ጣቶች ላይ ወደቀ፤ ጥፍሬ ሲነቀል ተሰማኝ። ሁለት ሰዎች ሮጠው ወጡ፤ አንዱ አስቴርን በነጠላዋ ጎትቶ ግድግዳ ላይ አላተማት። ወንድሙ ጎኔን በእርግጫ አለኝ። እኔ ድንጋዩን አቀፍኩ። ይግባኝ የምለው ነገር አልነበረኝም።

"ተዋት" የሚል የሴት ድምፅ መጣ።

እናትየው ናት፤ ረሺዳ ትባላለች። ስትወርድ ሁሉም ፈቀቅ አሉ። በኖርዌጂያን፣ እንደ እኔ በተሰባበረው፣ ድንጋዩ ምን እንደሆነ ጠየቀችኝ። መሬት ላይ እንደተቀመጥኩ ነገርኳት። በእኛ አገር የደም ዕዳ ያለበት ሰው ይህን ተሸክሞ ይመጣል፤ የደሙ ባለቤት አውርድ እስኪል አያወርድም አልኳት።  ወንድምየው የያዘውን ጡጫ ፈታ።

"ፊትሽን ማን ነው?" አለችኝ።

"እኔው። ትናንት ልጄ ሞቷል ብለውኝ ነበር። ዑስማን ያወጣውን ማስታወቂያ አይተው።"

ይህን አልሰማችም ነበር። ስለ ማስታወቂያው ማንም አልነገራትም። ወደ ልጆቿ ዞራ በቋንቋቸው ጠየቀች፤ አንዱ ስልኩን አውጥቶ አሳያት። አየችው፤ ፊቷ አልተለወጠም።

"የአንቺ ስልክ ጮኸልሽ" አለችኝ። "የእኔ ገና አልጮኸም። ድንጋይሽን አንሺ። ልጄ ሳይነቃ አውርጂ አልልሽም።"

አነሣሁት።

የሚቀጥሉት ቀናት እንዴት እንዳለፉ የሚያውቅ እግዚአብሔር ነው። ሆስፒታሉ በር ላይ ጥበቃው፣ መልካም ወጣት ኖርዌጂያን፣ ድንጋይ ይዞ መግባት አይፈቀድም አለኝ። ሕግ አለ እንዴ ስለ ድንጋይ ስለው አስቦ፣ የተጻፈ ባይኖርም እንደማይፈቀድ እርግጠኛ ነኝ አለ። ስለዚህ ውጭ አግዳሚው ወንበር ላይ ተቀመጥኩ፣ ድንጋዩን በማጅራቴ። ማጅራቴ ቆስሎ ነጠላው ተጣበቀ። ሌሊት ወደ ቤት ስሄድ አልጋዬ አጠገብ አስቀምጬ እጄን ላዩ ላይ አድርጌ እተኛለሁ፤ አወረድኩት እንዳይባልብኝ። ናታን ከታሰረበት በጠበቃው በኩል የላከብኝ አንድ ቃል ነበር፤ ነቃ ወይ የሚል። ረሺዳ በየቀኑ በፊቴ ታልፋለች፤ አታናግረኝም። አንድ ቀን ግን ዝናብ ሲመጣ ጃንጥላዋን ወንበሩ ላይ ትታ ገባች።

ዑስማን የነቃ ዕለት መጀመሪያ አላወቅኩም። በሩ ተከፈተና ረሺዳ እየሮጠች ወጣች፤ ጫማ አላደረገችም። ሞተ ብዬ ዓይኔን ጨፈንኩ። እጆቿ ማጅራቴ ላይ አረፉ። አውርጂ አላለችኝም፤ በራሷ እጅ አንሥታ ወሰደችው። ክብደቱ ያን ያህል ስላልመሰላት አብራው ወደፊት ተደፋች፤ ሁለታችንም አስፋልቱ ላይ ተቀመጥን።

"ስሜን ጠራኝ" አለች። ከዚያ፣ "ላንቺ አውርጄልሻለሁ። ለልጅሽ አይደለም። እሱን ሕግ ያውርድለት" አለችኝ።

ተገቢ ነው አልኳት። ሕግም አወረደለት። ናታን ተፈርዶበት ታስሮ ወጥቷል። የዑስማን ቀኝ ጆሮ አይሰማም፤ ሲናገር ቃል ይጠፋበታል። ናታን ከወጣ በኋላ ሊጠይቀው ሲሄድ እኔ ውጭ ነበርኩ፤ ውስጥ ምን እንደተባባሉ ሁለቱም አልነገሩኝም። ሽሮ ግን እንደገና እሠራለሁ።

አመዱስ? በማግስቱ ድንጋዩን ላነሣ ስሄድ ግሪሉ እንደተገለበጠ ነበር፤ ከሥሩ የቀረውን በሶፍት ጠቅልዬ ኪሴ ከትቼ ነበር። ምን እንደማደርገው አላውቅም ነበር። በኋላ ለረሺዳ ስሰጣት ከጓዳዋ ትንሽ የናስ የኩል ብልቃጥ አመጣች፤ የእናቷ ነው። እናቴም እንዲህ ያለ ነበራት አልኳት። በማንኪያ ጫፍ እያነሳን ከተትነው፤ ግማሹ ሣርና አፈር ነው። አሁን በየበጋው ሊንደበርግና ሆልምሊያ የሚጫወቱት ለዚያች ብልቃጥ ነው። ሌሎች ቡድኖችም ያውቋታል። አዲሶቹ ልጆች ታሪኳን ሲያወሩ ይስቃሉ፤ አምና እንዲያውም የሞት ማስታወቂያውን ለጨዋታው መጥሪያ አድርገው አተሙት። ልጆቼ፣ እባካችሁ አታትሙት። ውስጧ ያለው ቀልድ አይደለም።

እኔን የለወጠኝን ስጠየቅ ሰው የሚጠብቀው ስለ ይቅርታ እንዳወራ ነው። እኔ የምለው ሌላ ነው። ለእናት ከሁሉ የከፋው ቃል "ሞተ" የሚለው ይመስለኝ ነበር። በአንድ ከሰዓት ከእርሱ ጎን "ገደለ" የሚል ቃል እንዳለ አየሁ፤ ሁለቱንም ከአንድ ልጅ ቀመስኩ። ልጄን ከሁሉ ነገር ስጠብቅ ከሌሎች እጅ ነበር የምጠብቀው። የገዛ እጁን አልጠበቅኩም፤ የጠበቀው ሌላ ሰው ነው።

ስለዚህ ይህን የጻፍኩት ለአንተ ነው። ያን ቅዳሜ ሜዳው ላይ የነበራችሁ ሁሉ፣ የየትኛውም ቡድን ብትሆኑ፣ አስቡ። ፖሊስ ጠየቀ፣ እኔም ጠየቅኩ፤ ባቱን ከኋላ የያዝኩት እኔ ነኝ ያለ የለም። ምናልባት ምስክርነቱን ፈርተሃል፤ ምናልባት ከጠላት ቡድን ሰው ማዳንህ አሳፍሮሃል። አስቴር መልአክ ነው ትላለች። መላእክት እንዳሉ አምናለሁ፤ መልአክ ግን ጣቱን በፕላስተር አይጠቀልልም። ስምህን አልጠይቅም። በሚቀጥለው ጨዋታ ረሺዳና እኔ እንደ ወትሮው ድንጋዮቹ ከተደረደሩበት ዳር እንቀመጣለን። እንደዚያን ቀን ሁለት ጣትህን ጠቅልለህ በፊታችን እለፍ። እጅህን ብቻ ስመን እንለቅሃለን።